በሽምግልና የተከፈለው ሽጉጥ

«ሽጉጥ ነበረኝ» ስል የሚያውቁኝ ሰዎች ይስቃሉ። አልቀየማቸውም። ለበዓል ዶሮ የሚያርድልኝ ጎረቤት የምለምን፣ በግ ሲጋደም ደግሞ ጨው ልግዛ ብዬ ከግቢ የምወጣ ሰው ነኝ። መሥሪያ ቤትም ሥራዬ መዝገብ ቤት ነው። ከወረቀት መብሻ የባሰ መሣሪያ ይዤ አላውቅም፤ እሱም ሁለት ጊዜ ጣቴን በስቶኛል። ቢሆንም ሽጉጥ ነበረኝ፤ መዝገብ ላይ የሰፈረ፣ የእውነት ሽጉጥ። እንዴት እንዳገኘሁትና ሐዋሳ ውስጥ ስንት ሰው እንዳስሮጥኩበት ላውጋችሁ። ብቻ ስትጨርሱ፣ መንገድ ላይ ካገኛችሁኝ ስለ ገረጋንቲ እንዳትጠይቁኝ።

ሽጉጡ የባለቤቴ የታደለች አባት ንብረት ነበር። አቶ ሳሙኤል በወጣትነታቸው ለውጭ አገር አዳኞች መንገድ ይመሩ ነበርና ከአዳኞቹ አንዱ አገሩ ሲገባ ለመታሰቢያ ብሎ ትቶላቸው ሄደ። ዛሬ ፖሊሶች ከሚታጠቁት ዓይነት አይደለም። ጥይቱ እጀታው ውስጥ አይገባም፤ መሀሉ ላይ ያለች፣ ስድስት ቀዳዳ ያላት፣ የምትሽከረከር ብረት ነች የምትጎርሰው። የዚህችን ብረት ትክክለኛ ስም አላውቅም። እነ ታደለች ቤት «ከበሮ» ስለምትባል እኔም ከበሮ እላታለሁ።

ታዲያ ሽጉጡ አንድ ሆኖ ከበሮው ሁለት ነበር። አንደኛዋ ሽጉጡ ላይ የተገጠመች፣ ጠርዟ የተፋቀ፣ ቀለሟ የለቀቀ አሮጌ ነች። ሁለተኛዋ በጨርቅ ተጠቅልላ የምትቀመጥ፣ ገና ከፋብሪካ እንደወጣች የምታበራ ነች። አንዷን አውጥቶ ሌላዋን መግጠም ይቻላል። ለምን ሁለት እንዳስፈለጉ አቶ ሳሙኤልን በሕይወት ሳሉ የጠየቃቸው የለም። እኔማ የመኪና መለዋወጫ ጎማ ዓይነት ነገር መስሎኝ ነበር።

አቶ ሳሙኤል ሲያርፉ ቤቱ ለባለቤታቸው ለእማማ አስቴር፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ያለው የብረታ ብረት ሱቅ ለልጃቸው ለማቴዎስ እንዲሆን ማንም አልተከራከረም። ታደለችና ማቴዎስ ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሌላ ወንድምም እህትም የላቸውም። ቤት ሳያጣላቸው፣ ሱቅ ሳያጣላቸው ሽጉጡ ላይ ሲደርሱ ተያያዙ። ነገሩ ወደ ሽማግሌ ሄደ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ አንዱ ከቤተ ክርስቲያን፣ አንዱ ከዕድር፣ ሦስተኛው የአቶ ሳሙኤል የልጅነት ጓደኛ አቶ ዳንጊሶ።

«የአባት መሣሪያ የወንድ ልጅ ነው። የትም አገር እንደዚህ ነው» አለ ማቴዎስ።

«አባባ አልጋ ላይ ሆኖ ‹ሽጉጤ ለታደለች› ብሏል። እማማም ሰምታለች» አለች ታደለች።

«እኔ የሰማሁት ምንም ይሁን፣ ብቻ ከቤቴ ይውጣልኝ» አሉ እማማ አስቴር።

ሽማግሌዎቹ ለመምከር ጓሮ ወጡ። ከማንጎው ሥር ቆመው ግማሽ ሰዓት ያህል ቆዩ። ሲመለሱ የአቶ ዳንጊሶ ፊት ላይ ትልቅ ደስታ ነበር።

«ልጆች» አሉ፣ «ፈጣሪ ለአባታችሁ ሁለት ከበሮ የሰጠው በከንቱ አይደለም። ሽጉጡ አንድ ነው፤ አይቆረጥም። ከበሮው ግን ሁለት ነው። ሽጉጡ ከአንድ ከበሮው ጋር ለታደለች፣ ሌላኛው ከበሮ ለማቴዎስ ይሁን። አንቺም የአባትሽ መሣሪያ አለሽ፣ አንተም የአባትህ መሣሪያ አለህ።»

እስቲ አሁን ይሄን ሲሰማ የሚስቅ ሰው ይኖራል። ያን ቀን ግን የሳቀ የለም። እንዲያውም እኔ በጥበባቸው ተደንቄ ራሴን ነቀነቅኩ። ጸለዩበት፣ መረቁት፣ ሁላችንም አሜን አልን። ከዚያ በኋላ ከሁለቱ ከበሮዎች የምትወስደውን ታደለች እንድትመርጥ ዕድል ተሰጣት። እጇን ወደ አሮጌዋ ስትዘረጋ ክንዷን ያዝኩ።

«የምታበራዋን!» አልኳት በጆሮዋ።

ባሏ ነኝ፤ አመነችኝ። የሚያበራ ነገር አይቼ ስገዛ ስንተኛ ጊዜዬ እንደሆነ ታውቃለች፣ ግን አመነችኝ። ማቴዎስ አሮጌዋን ከበሮ አንስቶ በነጭ መሀረብ ጠቅልሎ ኪሱ ከተታት። እኔ በልቤ «ተሸወደ» አልኩ።

ሽጉጡ ቤታችን በገባ በሳምንቱ ቅዳሜ በሬን ዘግቼ ልሞክረው ተነሳሁ። አቶ ሳሙኤል በሻይ ቆርቆሮ ያስቀመጧቸው አሥራ ሁለት ጥይቶች ነበሩ። አንዷን አንስቼ የምታበራዋ ከበሮ ቀዳዳ ውስጥ ጨመርኩ። ግማሽ ድረስ ገባችና እምቢ አለች። ሌላ ቀዳዳ ሞከርኩ፣ ሌላ ጥይት ሞከርኩ፣ ምራቅ ቀብቼ ሞከርኩ። ሁሉም ግማሽ ላይ እየደረሱ ቆሙ።

እዚህ ላይ የተማረ ሰው ምን ያስባል? «ጥይቱና ከበሮው አይመጣጠኑም ይሆን?» ይላል። እኔ ግን በጥልቀት አሰብኩ። የእኛ ቤት ከሐይቁ ስለማይርቅ ክረምት ላይ የመኝታ ቤቱ በር ያብጥና አልዘጋ ይላል። በሩን እርጥበት ካሳበጠው ጥይቱን የማያሳብጥበት ምን ምክንያት አለ? መፍትሔው ፀሐይ ነው። ታደለች ግቢ ውስጥ በርበሬ አስጥታ ነበርና አሥራ ሁለቱን ጥይቶች በረድፍ አድርጌ ከበርበሬው ጎን አሰጣኋቸው። ማታ ማታ አስገባለሁ፣ ጠዋት አወጣለሁ። ከሰዓት በኋላ አንዷን አንስቼ ቀጥናለች ወይ ብዬ እለካለሁ።

በሦስተኛው ቀን እማማ አስቴር ሊጠይቁን መጡ። ስጡ አጠገብ ቆመው ትንሽ አጎንብሰው አዩ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»

«ጥይት ነው፣ እማማ። እየደረቀ ነው።»

በርበሬውንም፣ ጥይቱንም፣ እኔንም በየተራ ተመለከቱ። «ልጄን ለማን ነው የዳርኳት?» አሉና ቤት ሳይገቡ ተመለሱ። ጥይቱ ደርቆም አልገባም። በመጨረሻ ቀዳዳዎቹን በሞረድ ላሰፋቸው ስነሳ ታደለች ሞረዱን ወስዳ ደበቀችው፤ እስከ ዛሬም የት እንዳደረገችው አልነገረችኝም።

ይሄ ሁሉ ሆኖ ዝም ብል ጥሩ ነበር። የማይተኮስ ሽጉጥ ያለው ሰው ግን ከሚተኮስ ሽጉጥ ባለቤት ይልቅ ወሬ ይወዳል። የገና ዕለት ማቴዎስ ከእናቱ ጋር ቤታችን ምሳ ተጋብዞ መጣ። እየበላን «አባባ ከበሮዋን ዘይት ይቀባት ነበር፤ እኔም አልፎ አልፎ እቀባታለሁ» አለ። ጠጥቶ ነው እንዳትሉኝ፤ የጠጣሁት ለስላሳ ነው። አፌን ግን የከፈተው የለም፣ ራሴ ነኝ የከፈትኩት።

«ለምን ትደክማለህ?» አልኩት። «ሱቅህ ውስጥ ከብሎኖቹ ጋር ደርድራት። ልኳን የሚያገኝላት ደንበኛ አይጠፋም።»

የሳቅኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ማቴዎስ የጠቀለለውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መልሶ አስቀመጠ፣ እጁን ታጠበ፣ እናቱን ስሞ ወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደጃችንን አልረገጠም። ታደለችም ማዕዷን ጥሎ በመሄዱ ተቀይማ ወደ እሱ አልሄደችም። ገና አልፎ ፋሲካ መጣ፣ ፋሲካ አልፎ ክረምት ገባ። አንድ ቀን ሳህን እያጠበች ሳለ እንባዋ እጣቢው ውስጥ ሲወርድ አየሁ። ሽንኩርት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሽንኩርቱን የምከትፈው እኔ ነኝ። የዚያን ቀን ራሴን ጠላሁ፤ ግን ይቅርታ ለመጠየቅ ከመሄድ ይልቅ ራስን መጥላት ቀላል ሆኖ አገኘሁት።

ነገሩ የሆነው ሚሊኒየሙ በተከበረ ማግስት ነው። ያኔ ባጃጅ ሐዋሳን እየሞላ፣ ምሥራቅ በኩል በየሜዳው ፎቅ እየበቀለ፣ ቀበሌም በየሳምንቱ እየሰበሰበን ነበር። ኅዳር ላይ በአንዱ ስብሰባ ስለ ችግኝና ስለ ቦይ ጠረጋ ከተነገረን በኋላ በመጨረሻ ማስታወቂያ ተነበበ፤ የግል መሣሪያ ያለው ሁሉ ፖሊስ ጣቢያ ቀርቦ ያስመዝግብ፣ የሟች መሣሪያ የያዘም ወደ ስሙ ያዙር። እኔም ሰኞ ጠዋት ክራቫት አስሬ፣ ሽጉጡን በጋዜጣ ጠቅልዬ ሄድኩ።

የተቀበለኝ ሳጅን ዮሐንስ የሚባል፣ ትልቅ መዝገብ ፊቱ የተዘረጋ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። የአቶ ሳሙኤልን ስም ከድሮው መዝገብ ፈልጎ አገኘና ጮክ ብሎ አነበበ።

«አንድ ሽጉጥ፣ ከሁለት ተቀያያሪ ከበሮ ጋር። አንደኛው ለረጅምና ቀጭን ጥይት፣ ሁለተኛው ለአጭርና ወፍራም ጥይት።» ሽጉጡን አገላብጦ አየ። «ይቺ የረጅሙ ጥይት ናት። ይሄን ጥይት እኔ በአሥራ ስምንት ዓመት አገልግሎቴ አይቼው አላውቅም። አዲስ የመሰለችው ተተኩሶባት ስለማያውቅ ነው። ያቺ የምትሠራዋ የታለች?»

ያ ሁሉ ፀሐይ ትዝ አለኝ።

«የባለቤቴ ወንድም ጋ ናት።»

«ምን ትሠራለች እሱ ጋ?»

«በሽምግልና ተካፍለን ነው።»

ሳጅኑ ብዕሩን አስቀመጠ። «እንደገና ይበሉት» አለኝ። አልኩት። ተነስቶ በሩን ከፈተና «ኑማ ይሄን ስሙ» ብሎ ሦስት ፖሊሶች ጠራ። ለእነሱም ነገርኳቸው። አንዱ ዘግይቶ ስለደረሰ ከመጀመሪያው ጀመርኩለት። ሲስቁ ሲስቁ ቆይተው ሳጅኑ ዓይኑን በመሀረብ ጠረገና ፊቱን መልሶ አኮሳተረ።

«ጌታዬ፣ ነገሩ ቀልድ አይደለም። እርስዎ የያዙት ጎዶሎ መሣሪያ ነው። እሳቸው ደግሞ ያለ ፈቃድ የመሣሪያ አካል ይዘዋል። እስከ ዓርብ ጠዋት ሁለታችሁም ሁለቱን ከበሮ ይዛችሁ ትቀርባላችሁ፤ በሁለቱም ተፈትሾ፣ በምትሠራዋ ተተኩሶ ይታያል። ካልሆነ ሽጉጡ ይወረሳል፣ እሳቸውንም በጥሪ እናመጣቸዋለን።»

ለታደለች ስነግራት ሳታቋርጠኝ ሰማች። ይሄ ጥሩ ምልክት አይደለም።

«ማቲ በአንተ ቀልድ ማዕድ ጥሎ ሄደ» አለች በመጨረሻ። «አሁን ደግሞ በአንተ ምርጫ ፖሊስ ሊፈልገው ነው። ሂድና አምጣልኝ።»

«ከበሮዋን?»

«ወንድሜን!» አለችና መኝታ ቤት ገብታ ያንን የሚያብጥ በር በትከሻዋ ገፍታ ዘጋችው።

እንደ ፈሪ ሰው መጀመሪያ የሄድኩት ወደ አቶ ዳንጊሶ ነው። ውሳኔያቸውን አንስተው ሁለቱ ከበሮዎች አንድ ላይ ይሁኑ ቢሉ ነገሩ ያለ እኔ ይቅርታ ያልቃል ብዬ ነው። «የጸለይንበትን ነገር ለፖሊስ ብለን እናፍርስ? አሜን ብለሃል እኮ!» አሉኝ። ከዚያ በሲዳምኛ ለራሳቸው የሆነ ነገር አጉረመረሙ፤ ቋንቋውን አልችልም፣ ግን ስለ እኔ እንደሆነ ገብቶኛል።

ማክሰኞ ማቴዎስ ሱቅ ሄድኩ። ባንኮኒው ጀርባ ቆሟል። መንገዱን ሙሉ ያጠናሁት ንግግር ነበረኝ፤ «ወንድሜ ማቴዎስ፣ በደለኛ ነኝ» ብሎ የሚጀምር። ቀና ብሎ አየኝ።

«ምን ልስጥህ?»

«ሚስማር» አልኩ።

«ስንት ቁጥር?»

«ስምንት።»

መዘነ፣ ጠቀለለ፣ ሰጠኝ። ረቡዕም ሄድኩ። «ሚስማር» አልኩ። በዚህኛው ቀን ስድስት ቁጥር። ሐሙስ ስገባ ሳይጠይቀኝ ሚዛኑን ማስተካከል ጀመረ። ሁለት ደንበኞች ቆመው እየሰሙኝ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት፤ ሳጅኑን፣ ዓርብን፣ ውርሱን፣ ታደለች እጣቢ ላይ ማልቀሷን። ይቅርታ የሚለውን ቃል ግን ረሳሁት። ያጠናሁት ንግግር ውስጥ የነበረው ዋናው ነገር እሱ ነበር።

ማቴዎስ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። «ሌላስ?» አለ።

«አራት ቁጥር» ብዬ ሚስማሬን ይዤ ወጣሁ። እስከ ዛሬ ቤታችን ውስጥ ሥዕል ለመስቀል ሚስማር አጥተን አናውቅም።

ዓርብ ጠዋት አይመጣም ብዬ ተስፋ ቆርጬ ጣቢያ ስደርስ ማቴዎስ ቀድሞኝ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ጉልበቱ ላይ ነጩ መሀረብ አለ። ሰላም አላለኝም፤ ግን መጥቷል። የፖሊስ ፒክአፕ ጭናን ምሥራቅ ዳር ወዳለው የድሮ ገረጋንቲ ማውጫ ወሰደችንና ሾፌሩ ሌላ ሥራ አለኝ ብሎ እኛን አራግፎ ተመለሰ። ቦታው የተቆፈረ ገደል ነው። ከላይ ሜዳ፣ ከታች ገና ገረጋንቲ የሚወጣበት ጉድጓድ። ጉድጓዱ ውስጥ አንድ ገልባጭ መኪና ቆሞ ሁለት ሰዎች በአካፋ ይጭናሉ።

ሳጅኑ አሮጌዋን ከበሮ ገጠመና ከቆርቆሮዬ ሁለት ጥይት ጨመረባት። ሁለቱም ያለ ምንም ድምፅ፣ ያለ ምራቅ ገቡ። ሜዳው ዳር ባለ የአፈር ግድግዳ ፊት አንድ የዘይት ቆርቆሮ አቆመ።

«ፈቃዱ በእርስዎ ስም ስለሚጠየቅ እርስዎ ይተኩሱ» አለኝ።

እግሬን ከፈትኩ። አንድ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ሌላው በራሱ ጊዜ ተከተለ። ምላጩን ሳብኩ። ምንም የለም። በሁለት ጣት ሳብኩ። ምንም። ጥርሴን ነክሼ፣ ጉልበቴን አጥፌ፣ በሁለት እጄ ጎተትኩ። አንድ ጥይት ለመተኮስ ይሄን ያህል ጉልበት የሚጠይቅ ከሆነ ወታደሮች ደመወዛቸው ያንሳል ብዬ አሰብኩ።

«ከኋላ ያለውን ብረት በአውራ ጣትህ ወደ ኋላ ሳበው እንጂ! በየጥይቱ ካልሳብከው አይተኩስም፣ አንተ ጅል!»

ማቴዎስ ነው። በአሥራ አንድ ወር ውስጥ ከሚስማር ውጪ የነገረኝ የመጀመሪያ ነገር። እንዲህ በስድብ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ብረቱን ሳብኩት፣ ቀጭ አለ፣ ምላጩን ገና ስነካው ምድር ተናወጠች። ሽጉጡ እጄን ወደ ሰማይ ይዞት ወጣ። ዓይኔን ስገልጥ ቆርቆሮው በክብር ቆሟል። ግድግዳው ላይም ሳጅኑ ምልክት ፈልጎ አላገኘም። አየሩ ግን በርበሬ በርበሬ ሸተተና ሦስታችንም አስነጠሰን።

«በቃ፣ ይሠራል» አለ ሳጅኑ ዓይኑን እያሸ። «አሁን አውጥተን ሌላዋን እንይ። ይቆዩ፣ እኔ ላውጣት።»

«እኔ እችላለሁ» አልኩ።

ለምን አልኩ? ተኩሼ ነበራ! አንድ ጊዜ የተኮሰ ሰው የማይችለው ነገር ያለ አይመስለውም። ሳጅኑ ሲገጥም አይቻለሁ፤ ከጎን ያለችውን መዝጊያ መክፈት፣ ከፊት ያለውን ቀጭን ዘንግ መሳብ፣ ከዚያ ከበሮዋ ትወጣለች። መዝጊያውን ከፈትኩ፣ ዘንጉን ሳብኩ። ከበሮዋ ወጣች። ከሥር በእጅ መቀበል እንዳለብኝ ግን ልብ አላልኩም። መሬት ላይ ወደቀች፣ ተንከባለለች፣ ገደሉ ጫፍ ላይ ትንሽ ያመነታች መሰለችና ወረደች።

ሦስታችንም ጎንበስ ብለን አየን። ከታች የጫኞቹ ክምር ውስጥ ገባች። ጫኞቹ ደግሞ ከላይ ተኩስ ከሰሙ ወዲህ ቀና ብለው አላዩም፤ የቀረችውን ክምር በችኮላ እየዛቁ ወርውረው መኪናው ላይ ዘለሉ። ገልባጩ ጥቁር ጭስ ተፍቶ ነጎደ። ጮህን፣ ሳጅኑ ፊሽካ ነፋ። ፊሽካውን ሲሰሙ ይበልጥ ፈጠኑ።

«አንድ ጥይት አለባት!» አለ ሳጅኑ።

የማቴዎስን ፊት አየሁ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ባዶውን ነጭ መሀረብ እጁ ላይ ዘርግቶ ያየዋል። ሽጉጡ ቢወረስ ለእኔ አንድ ሽጉጥ ብቻ ነው፤ ከበሮዋ ከጠፋች ግን ታደለች ወንድሟን ዳግመኛ እንደማታገኘው ያን ጊዜ ገባኝ። ሮጥኩ። ክራቫቴ ትከሻዬ ላይ እየተንከራተተ አስፋልቱ ድረስ ሮጬ ያገኘሁት ባጃጅ ፊት ቆምኩ።

«ያንን ገልባጭ ተከተለው!»

«ኮንትራት ነው?» አለ ባለባጃጁ።

«ኮንትራት ነው!» አለ ሳጅኑ ከኋላዬ እያለከለከ።

ሦስታችን ከኋላ ተጨናንቀን ተቀመጥን፤ እኔ መሀል። ማቴዎስ ትከሻውን ከትከሻዬ ለማራቅ ሞከረ፤ ባጃጅ ውስጥ ግን ኩርፊያ ቦታ የለውም። በየጉድጓዱ እየዘለልን እላዩ ላይ እወድቅበታለሁ፣ እላዬ ላይ ይወድቅብኛል። ገልባጩን ስንደርስበት አንድ ገና የሚሠራ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ደጃፍ ላይ ጭነቱን ገልብጦ ጨርሷል።

«በዚህ ገረጋንቲ ውስጥ ጥይት አለ!» አለ ሳጅኑ ጮክ ብሎ።

የቀን ሠራተኞቹ አካፋቸውን ጥለው ሁለተኛው ፎቅ ላይ ወጡ። ግንበኛው ልምድ ያለው ሰው መሰለኝ፤ እሱ ጣራው ላይ ነው የቆመው። ሳጅኑ ለጣቢያው ደውሎ የሆነውን ነገረ፤ ሰው እንዳይጠጋም በሩ ላይ ቆመና ለእኛ አሸዋ የሚነፉበትን ትልቅ የሽቦ ወንፊት አሳየን። ይሄ ወንፊት ለአንድ ሰው አይሆንም። ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞት አንዱ ሲስብ ሌላው ይለቃል፤ አንዱ ካኮረፈ አይነፋም። ማቴዎስ አንዱን ጫፍ ያዘ፣ እኔ ሌላውን።

የመጀመሪያውን ወንፊት ነፋን። ሁለተኛውን ጀመርን። አቧራው ሲወርድ እኔ ጫፍ ላይ፣ ከሁለት ድንጋዮች መሀል፣ ስድስት ቀዳዳ አየሁ። ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ልክ ያን ጊዜ ማቴዎስ ወደ አቧራው እያየ መናገር ጀመረ።

«ይቺን አሮጌዋን ለምን እንደምወዳት ታውቃለህ?»

አፌን ዘጋሁ። እጄ በራሱ ሄዶ ከበሮዋን አፈሰና የሱሪዬ ኪስ ውስጥ ከተታት።

«አባባ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጠረጴዛ ላይ ፈታቶ ያጸዳት ነበር» አለ። «ዘይቱን የምይዝለት እኔ ነኝ። ቀዳዳዎቹን አንድ፣ ሁለት እያለ በጣቴ ያስነካኛል። ቁጥር የቆጠርኩት በእሷ ነው። ትምህርት ቤት ስገባ እስከ ስድስት ነበር የማውቀው።» ወንፊቱን ሳበ። «አንተ ከብሎን ጋር ደርድራት አልከኝ።»

«ጅል ነኝ» አልኩት።

«ነህ።»

«ይቅርታ አድርግልኝ፣ ማቴዎስ። ሦስት ቀን ይሄን ልልህ መጥቼ ነው ሚስማር የገዛሁት።»

«አውቄያለሁ። ለመዝገብ ቤት ሠራተኛ ያ ሁሉ ሚስማር ምን ያደርግለታል?» አለና ፊቱ ትንሽ ፈታ አለ። «አፈር ጨምር።»

ጨመርኩ። ከዚያ ማውራት ያዘ። ስለ አባቱ ሕመም፣ ገና ዕለት መንገድ ላይ ተመልሶ ሊመጣ አስቦ እንደነበር፣ ታደለችን ገበያ ውስጥ አይቷት በሌላ መንገድ እንደዞረና ያን ሌሊት እንቅልፍ እንዳልወሰደው። እኔ እሰማለሁ፣ ወንፊቴን እስባለሁ፣ ኪሴን አስባለሁ። ከበሮዋ ውስጥ ያልተተኮሰች ጥይት አለች፤ ያለችበት ቦታ ደግሞ ለባለትዳር ሰው በጣም አስጊ ቦታ ነው። በዚያ ላይ ያቺን ጥይት በፀሐይ መሞቅ አሳምሬ አስለምጃታለሁ። ቢሆንም ሁለት ሰዓት ሙሉ የሌለ ነገር ስንነፋ አንድ ጊዜም «በቃን» አላልኩም።

ክምሩ ሊያልቅ ሲል ታደለች መጣች። ምሳ ይዛልን ጣቢያ ሄዳ የሆነውን ነግረዋታል። ሳጅኑ ሊያቆማት ሞከረ፤ በጎኑ አልፋው ገባች። ሽጉጡ የት አለ አላለችም፣ ከበሮዋ ተገኘች ወይ አላለችም። ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ የሆነውን ወንድሟን ቆማ አየችው።

«ማቲዬ» አለች።

ማቴዎስ ወንፊቱን ለቀቀ። እኔ ሌላውን ጫፍ እንደያዝኩ ቀረሁ። በነጠላዋ ጫፍ ፊቱን ትጠርጋለች፣ በጠረገችው ላይ ታለቅሳለች፣ አቧራውም ጭቃ ይሆናል። «ታዱ» አላት ድምፁ እየተቆራረጠ፣ «የያዝሽው ምንድነው? ርቦኛል።» ብሎኬት ላይ ተቀምጠው ሲበሉ፣ አንድ ጊዜ እሷ ስታጎርሰው አንድ ጊዜ እሱ ሲያጎርሳት፣ እኔ የመጨረሻዋን አካፋ ገረጋንቲ ወንፊቱ ላይ ጣልኩ። ኪሴ ውስጥ ያለችውንም ቀስ አድርጌ ጨመርኩባት።

«አገኘኋት!» ብዬ ጮህኩ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ያሉት ሠራተኞች አጨበጨቡልኝ።

ሳጅን ዮሐንስ ከበሮዋን ተቀብሎ ጥይቷን አወጣ፣ ከዚያ በማን ስም ልጻፍ ብሎ ጠየቀ። እኔና ማቴዎስ አንድ ላይ «በታደለች» አልን። አባትየው መጀመሪያም ያሉት ይሄንኑ ነበር። ሽጉጡም ሁለቱም ከበሮዎች ዛሬ በእሷ ስም መዝገብ ላይ ናቸው፤ እሁድ እሁድ ማቴዎስ ምሳ በልቶ ጠረጴዛ ላይ ፈታቶ ያጸዳቸዋል። እኔ እንዳልነካ ተከልክያለሁ። በተኩስ ሕይወቴ አንድ ጥይት ተኩሻለሁ፤ የት እንደወደቀች እስካሁን አልታወቀም።

ከበሮዋን ኪሴ መክተቴን ግን ለማንም ሳልናገር ዓመታት አለፉ። በቅርቡ አንድ እሁድ ማቴዎስ ከበሮዋን ዘይት እየቀባ ሳለ ታደለች ወደ ጓዳ ስትገባ ጠብቄ ሁሉንም ነገርኩት። እጁን እንኳ አላቆመም።

«አይቼሃለሁ» አለኝ። «ሁለተኛው ወንፊት ላይ ነው የከተትካት።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ሰዓት ለምን ዝም ብለህ ነፋህ?»

«ወሬዬን አልጨረስኩም ነበራ።»